አለ አለ፦ አንድ ቃል ይዤ የቆየሁባቸው ስምንት ወራት

ሰላም ለሁላችሁ። ባለፈው ሳምንት ሰንጠረዤ ላይ ለአምስት ወር ባዶዋን የቆየች አንዲት ሳጥን ሞላሁ፣ ደስታው አላስቀምጥ ስላለኝ ልጽፍላችሁ ተነሳሁ። እዚህ የቃል ሥር የምትቆፍሩ ሰዎች ስላላችሁ ከማንም በላይ ነገሩ ለናንተ ይገባችኋል። የያዝኩት አንድ ቃል ነው፣ ሁለት ፊደል ብቻ፦ "አለ"። ስምንት ወር ሙሉ እሱ ላይ ነኝ፣ ገና አልጨረስኩትም።

ነገሩን ያስጀመረኝ ቁልፍ ነው። ትርፉን የቤት ቁልፍ እህቴ ጋ ይሁን ወንድሜ ጋ ያስቀመጥኩት ጠፋብኝና እህቴን "ሁለታችሁ ጋ ፈልጉልኝ፣ እሱንም ጠይቂልኝ" አልኳት። ትንሽ ቆይታ በቴክስት መለሰች፦ "እኔ ጋ አለ"። በቃ እሷ ጋ ነው ብዬ ያን ሁሉ መንገድ ሄድኩ። በሩን ከፍታ ስታየኝ "ምነው፣ በሰላም ነው?" አለችኝ። "ቁልፉን ልወስድ ነዋ" ስላት "አንተ ደግሞ፣ እሱ ጋ ነው እኮ! እኔ ጋ አለ ብዬህ የለ!" ብላ ተናደደች። እኔም ተናድጄ ነበር። መንገድ ላይ ስልኬን ከፍቼ ያቺን አጭር መልእክት ደጋግሜ አነበብኳት፣ "ለ"ን አጥብቄ ሳነባት ቁልፉ እህቴ ቤት ነው፣ "ለ"ን አላልቼ ሳነባት ደግሞ ወንድሜ "እኔ ጋ" ብሏል ማለት ነው። ፊደላችን መጥበቅና መላላትን ስለማይጽፍ ሁለቱም ልክ ናቸው። እሷም አልተሳሳተችም፣ እኔም አልተሳሳትኩም።

የመጀመሪያዎቹን ሁለት ወራት ቶሎ ልለፋቸው። ከሰው አፍ፣ ከቴክስት፣ ከዜና የሰማሁትን "አለ" ሁሉ ስልኬ ላይ እየጻፍኩ ማጠራቀም ነበር። "ብር አለኝ" ሲጠብቅ ኪሴ ውስጥ ነው፣ ሲላላ ግን አንዱ ብር ጠይቆኛል። "አሉ" ሲጠብቅ ሰዎቹ በሕይወት አሉ፣ ሲላላ ደግሞ ተናግረዋል፣ ወይም አንድ ትልቅ ሰው ተናግረዋል፣ ወይም ማን እንደተናገረው የማይታወቅ ወሬ ነው ("ሊያገባ ነው አሉ")፣ አያቴ ተረት ስትጀምር "አንድ ንጉሥ ነበሩ አሉ" የምትለውም ይሄንኑ ነው። "ያለ" ላይ ስደርስ ትንሽ ቆም አልኩ፣ ምክንያቱም "ያለ ውሃ" ውሃ የሌለበት ነው፣ "ያለ ውሃ" ደግሞ አጥብቃችሁ ብታነቡት ያለው ውሃ ነው፣ አንድ አጻጻፍ መኖርንም አለመኖርንም ይዟል። እንዲህ እንዲህ እያልኩ ብዙ ገጽ ሞላሁ።

ከዚህ ሁሉ ለኔ ትልቁ ነገር ማንም አፉን ሳይከፍት የሚነገረው "አለ" ነው። ዝም አለ እንላለን። ሰውዬው አንዲት ቃል አልወጣውም፣ እኛ ግን "አለ" ብለን ነው የምናወራለት። ቁጭ አለ፣ ብድግ አለ፣ ፈገግ አለ፣ ጋደም አለ፣ ሁሉም እንደዚያው ነው። ሰበር አለ ስንል ትንሽ ነው፣ ስብር አለ ስንል ግን አለቀለት፣ ልዩነቱን የሚሠራው የፊተኛው ቃል ቅርጽ ነው እንጂ "አለ" ንቅንቅ አይልም። ቁልፉ በመጨረሻ ከወንድሜ መጥቶ በሩ ላይ ስከተው ደግሞ አልዞር አለኝ። ለወንድሜ ደውዬ "አልዞር አለኝ እኮ" ስለው የገዛ ቃሌን ሰማሁት። "አልዞር" በአንደኛ መደብ ነው፣ "እኔ አልዞርም" እንደማለት፣ ቁልፉ ስለራሱ እየተናገረ ነው። ብዙ ሲሆኑ ደግሞ "ልጆቹ አንተኛ አሉ" እንላለን፣ "አንተኛ" የብዙ ነው፣ "እኛ"። መኪናው አልነሳ ሲል፣ ክዳኑ አልከፈት ሲል፣ አማርኛ ዕቃውን ሰው አድርጎ በራሱ አንደበት ያናግረዋል፣ እኛም ሳናስበው ቀኑን ሙሉ እንለዋለን። ይሄን ያወቅኩ ቀን በሩ ስር ቆሜ ጮክ ብዬ ደጋግሜ አልኩት።

አሁን ወደ ስህተቴ ልምጣ። ሦስተኛው ወር ላይ የመናገሩን "አለ" እና የመኖሩን "አለ" አንድ ቃል ናቸው ብዬ አመንኩ። ሐሳቤ "የተባለ ነገር ነው የሚኖር፣ ያልተባለ የለም" የሚል ነበር። ያምራል። በጣም ስላማረኝ ረጅም ጽሑፍ ጻፍኩና ለጓደኞቼ ላክሁት፣ ለሌላም አዳረሱት፣ ብዙ ሰው ወደደው። ልክ አልነበረም። ቃሎቹን በትርጉም አጋባኋቸው እንጂ አንዱንም እስከ ዘሩ ድረስ አልተከተልኩትም ነበር። ጽሑፉን እስካሁን የሚያዞር ሰው ካጋጠማችሁ ጸሐፊው ራሱ ትቶታል በሉልኝ።

ያቃናኝ በጣም ቀላል ነገር ነው። ሁለቱን ቃሎች አፍርሷቸው፣ ማለትም አሉታ ጠይቋቸው። የመናገሩ አለ "አላለም" ይላል። የመኖሩ አለ "የለም" ይላል። ትእዛዝ ጠይቋቸው። የመናገሩ "በል" አለው፣ የመኖሩ ግን ትእዛዝ የለውም፣ "ኑር" ወይም "ሁን" ከሌላ ቤት ተበድሮ ነው የሚመጣው። ያለፈ ጊዜውንም "ነበረ" ነው የሚሸፍንለት። አንዱ ሙሉ ግስ ነው፣ ሌላው ግማሽ አካሉ የለም። በመልክ የሚመሳሰሉ ሁለት ሰዎችን አባት ስትጠይቋቸው እንደሚለያዩት ነው። ከዚያ ወዲህ ማንኛውንም ቃል ስይዝ ትርጉሙን የምጠይቀው መጨረሻ ላይ ነው፣ መጀመሪያ አሉታውን፣ ትእዛዙን፣ "እየ" ሲገባበት፣ "ተ" ሲገባበት የሚሆነውን እጽፋለሁ። የትርጉም ዝርዝር መሰብሰብ ብቻውን የትም አያደርስም፣ በዚህ ከማንም ጋር እከራከራለሁ።

እዚህ ላይ ነው ያቺ ባዶ ሳጥን የመጣችው፣ አምስት ወር ሙሉ የበላችብኝም እሷ ናት።

የመናገሩን አለ ሙሉ ዘር በሰንጠረዥ አወረድኩት። አለ፣ ይላል፣ ሲል፣ ሊል፣ እል፣ ማለት። እዚህ ሁሉ ላይ "ል" ብቻ ነው ያለው። ቀጥሎ ደግሞ በል፣ ይበል፣ ብሎ፣ ተባለ፣ አባባል። ከየት መጣ ይሄ "ብ"? አንድ ሰው "አለ" ይላል፣ ከዚያ "ብሎ" ይላል፣ ሕፃን ልጅ እንኳ አይሳሳተውም፣ ግን ወረቀት ላይ ሳስቀምጠው ሁለቱ አንድ ቤተሰብ አይመስሉም። አማርኛ ብቻ ይዤ ስታገል ወር አለፈ።

ያኔ ነው የኪዳነ ወልድ ክፍሌን የግዕዝ መዝገበ ቃላት በደንብ መጠቀም የጀመርኩት። የ1948 ዓ.ም. እትም ነው፣ መምህር ክፍለ ጊዮርጊስ ጀምረውት፣ ኪዳነ ወልድ ሲደክሙበት ኖረው፣ ከሳቸው ዕረፍት በኋላ ደስታ ተክለ ወልድ አስጨርሰው ያሳተሙት፣ ሦስት ትውልድ የተቀባበለው ሥራ ነው። ደስታ የራሳቸውን ያማርኛ መዝገበ ቃላት ያወጡት ደግሞ በ1962 ዓ.ም. ነው። የኪዳነ ወልድን መጽሐፍ ለመጠቀም መጀመሪያ ያስቸገረኝ የፊደሉ ተራ ነበር፣ ሀ ሁ ብሎ አይሄድም፣ አ በ ገ ደ ብሎ ነው የሚሄደው፣ ስለዚህ "ብ" ሁለተኛ ናት፣ "ሀ" አምስተኛ። ደሞ በቃል ሳይሆን በሥር ነው የሚገባበት። ብዙ ሰው ፒዲኤፉን ከፍቶ የፈለገውን ቃል ያጣና ይተወዋል። አትተዉት። ተራውን ወረቀት ላይ ጻፉና ግድግዳ ላይ ለጥፉት፣ በሁለት ሳምንት እጃችሁ ራሱ ይሄዳል። ይሄ መጽሐፍ ሥር እንድታስቡ ስለሚያስገድዳችሁ ብቻ ከየትኛውም አፕ ይሻላል፣ እኔ እንደዚያ ነው የማምነው።

ሁለቱ አለዎች እዚያ ግዕዝ ላይ ተለያይተው ቁጭ ብለዋል። የመኖሩ "ሀለወ" ነው፣ "ሀሎ"ም ይባላል፣ ህላዌና ህልውና የምንላቸው ከዚያው ናቸው። መካከለኛዋ "ለ" ግዕዙ ላይም ትጠብቃለች፣ የኛ "አለ" ጥብቀቱን ከዚያ ይዞ ነው የመጣው፣ "ሀ"ዋ ወደ "አ" ሳስታ፣ "ወ"ዋ ወድቃ። (ስልክ ላይ የምንለውን ሀሎ ከዚህ ጋር የሚያገናኙ ሰዎች አሉ፣ አይገናኝም፣ ያኛው ከስልኩ ጋር ከፈረንጅ የመጣ ነው።) የመናገሩ ደግሞ "ብህለ" ነው። ብ፣ ህ፣ ል። "ብሂል" የምንለው ሙሉ ሦስቱን ይዞ የቀረ ነው፣ "ባህል"ም ከዚያው ነው፣ በግዕዝ መጀመሪያ አባባል፣ የተባለ ነገር ማለት ነበር። ትግርኛ የምትችሉ ይሄ ሁሉ አያስፈልጋችሁም ነበር፣ ትግርኛ "በለ" ብሎ ይናገራል፣ "ኣሎ" ብሎ ይኖራል፣ ሁለቱ ቃላት አንድም ቀን ተጋጭተው አያውቁም።

እሺ፣ ብ ከብህለ እንደመጣች ታወቀ። ግን ለምን አንዱ ላይ ትኖራለች፣ አንዱ ላይ ትጠፋለች? "ይበል" እና "ይል" ጎን ለጎን ስጽፋቸው ነው የታየኝ። ይበል ላይ ብ ድምፅ ይዛለች፣ በ ናት። ይል መጀመሪያ ይብል ነበር፣ ብዋ ሳድስ (ስድስተኛዋ ፊደል) ናት፣ የሚደግፋት የላትም፣ በዚያ ላይ ህ ከሥሯ ተነቅላለች። ስለዚህ ወደቀች። ተባለ፣ አባባል፣ ባ ናት፣ ቆማለች። ብሎ ላይ ሳድስ ብትሆንም የቃሉ መግቢያ ስለሆነች ቆማለች። አለ ራሱ ግን ከነይል፣ ከነሲል ወገን ገብቷል። ብ አማርኛ ውስጥ ስትሳሳ አዲስ ነገር አይደለም፣ የግዕዙ "ሰብእ" እኛ ጋ "ሰው" ሆኗል፣ ብዋ ወደ ው ሳስታለች። ይሄን ስጽፍ ሌሊት ስምንት ሰዓት አካባቢ ነበር፣ እንቅልፍ እምቢ አለኝ።

ግን ሰንጠረዡ አልሞላም። "ብዬ"። "ባይ"። "በይ"። እነዚህ ላይ ብ አለች፣ ል ግን የለችም። አለ ላይ ል ብቻ ነው፣ ባይ ላይ ብ ብቻ ነው፣ ሁለቱን ጎን ለጎን ብታስቀምጧቸው የሚጋሩት አንድም ተነባቢ የለም፣ ግን አንድ ቃል ናቸው። ይግባኝ ባይ፣ አቤት ባይ፣ እሺ ባይ። ፍርድ ቤት በየቀኑ የሚጻፍ ቃል ነው፣ ከ"አለ" መምጣቱን ግን ዝም ብሎ በዓይን ማየት አይቻልም። አምስት ወር ሙሉ ል የት እንደገባች መጻሕፍት ውስጥ ስፈልግ ቆየሁ።

መልሱ መጽሐፍ ውስጥ አልነበረም፣ አፌ ውስጥ ነበር። ባለፈው ሳምንት ዜና እየሰማሁ "የጎል ተከላካዩ" የሚል ቃል ጆሮዬ ገባ። ተከላካይ። ከተከላከለ። ል የት ሄደች? ይ ሆነች! ገደለ፣ ገዳይ። ከለከለ፣ ከልካይ። ሴት ስታዝዙ ግደል ሳይሆን ግደይ ትላላችሁ፣ ስለራሳችሁ ስታወሩ ገድሎ ሳይሆን ገድዬ ትላላችሁ። በል፣ በይ። ብሎ፣ ብዬ። ባይ። አንድ ሕግ ነው፣ ኢ የሚባለው ድምፅ ል ላይ ሲመጣ ልን ወደ ይ ይለውጣታል፣ ሁላችንም ሳናውቀው የምንጠብቀው ሕግ። አምስት ወር እንደ ልዩ ቃል ያየሁት ነገር ልዩ አልነበረም፣ እንደማንኛውም በል የሚጨርስ ግስ ነው የሚሄደው። እስክሪብቶዬን አንስቼ ሳጥኗን ሞላሁ።

ግዕዙ ላይ ተመልሼ ስሄድ ደግሞ ሌላ አገኘሁ። በግዕዝ "አለ" ለማለት "ይቤ" ነው። ይቤ ላይ ብ አለች፣ ል የለችም። ግን "አለው" ለማለት "ይቤሎ"፣ "አላቸው" ለማለት "ይቤሎሙ"፣ ል ተመለሰች። ጫፍ ላይ ስትሆን ትወድቃለች፣ የሚከተላት ስታገኝ ትነሳለች። ግዕዝ ከኋላ ልን ጣለ፣ አማርኛ ከፊት ብን ጣለ፣ ይሄ ቃል በጣም ብዙ ስለሚነገር ይመስለኛል እንዲህ የተሸራረፈው፣ እንደ ብዙ እጅ የነካው ሳንቲም።

ምክር ለምትፈልጉ። ማስታወሻችሁ ላይ ጥብቀት ምልክት አድርጉ፣ ከፊደሉ በላይ የሚደረገው ነጥብ ዩኒኮድ ውስጥ የራሱ ቦታ አለው፣ ስልካችሁ ካላሳያችሁ በእጅ ጻፉ። እኔ የመጀመሪያዎቹን ሁለት ወር ሳላደርግ ቀርቼ ካጠራቀምኩት ውስጥ ብዙው የትኛው "አለ" እንደሆነ አሁን መለየት አልቻልኩም፣ ሰውየው ምን እንዳለ ረስቻለሁ፣ ሄዷል በቃ። ሁለተኛ፣ ድምፅ ቅረጹ። አያቴን ሳልነግራት ቀርጫት ነበር፣ ኋላ ስነግራት "ብትነግረኝ ኖሮ ደህና አድርጌ አወራልህ ነበር፣ ልጄ" አለችኝ፣ ይቅርታ ጠየቅኳት፣ እናንተ አስፈቅዱ። ሦስተኛ ደግሞ በድምፅ መመሳሰል ብቻ ሥር አትስጡ፣ ይሄን የምለው ከማንም ይበልጥ ያደረግኩት እኔ ስለሆንኩ ነው።

ከሳጥኗ በኋላ የመጣው ነገር ደግሞ እስካሁን አልለቀቀኝም። "ይሄዳል" የሚለው ይሄድ እና አለ ነው፣ የመኖሩ አለ ከኋላ ተጣብቆ። "ሄዷል" ሄዶ እና አለ ነው፣ የድሮ ሰዎች "ሄዶአል" ብለው ስለሚጽፉ ስፌቱ እንኳ ይታያል። አሉታ ስታደርጉት "አይሄድም" ይላል፣ አለ ተነስቶ ሄዷል። "ሲሄድ" ላይም የለም። እንግዲህ በዚሁ መንገድ "ይላል"ን ፍቱት። ይል፣ አለ። የመጀመሪያው ከብህለ፣ ሁለተኛው ከሀለወ። እነዚያ በስህተት አንድ ናቸው ብዬ የጻፍኩባቸው ሁለት ቃሎች በሦስት ፊደል ውስጥ ጎን ለጎን ተቀምጠዋል፣ በሥር ሳይሆን በጉርብትና። "ብሏል"ም እንደዚያው ነው። "አለሁ ባይ"ም፣ የቸገረው ሰው አጠገብ የሚቆመው፣ ከሁለቱ የተሠራ ነው፣ አለሁ ከአንዱ፣ ባይ ከሌላው።

ይሉኝታና አሉባልታን ገና በደንብ አልሠራኋቸውም፣ ይሉኝታ "ሰው ምን ይለኛል" ከሚለው እንደመጣ ፊቱ ላይ ተጽፏል፣ አሉባልታም ከነ"አሉ"ው ነው የቆመው፣ እነሱን በሌላ ቀን። አሁን እየሠራሁ ያለሁት "ዝም አለ"፣ "ብቅ አለ" የሚሉትን ዓይነቶች ነው፣ የማታውቋቸውን የምትሰሙ ከሆነ ከነጥብቀታቸው ላኩልኝ።

እህቴ ያን ቀን በሩ ላይ የተናገረችውን ደብተሬ መጀመሪያ ገጽ ላይ ጽፌዋለሁ። "እኔ ጋ አለ ብዬህ የለ!" አለ፣ ልን ብቻ ይዞ። ብዬህ፣ ብን ብቻ ይዞ። የለ፣ የመኖሩ አለ አሉታው። ተናድዳ በአንድ ትንፋሽ ነው ያለችው፣ ባለፈው ሳምንት ሄጄ ቃል በቃል ሳስረዳት ቡናውን እየቀዳች "እኔ ነኝ ይሄን ሁሉ ያልኩት?" አለችኝ። ያን ጊዜ ለዋ ላልታ ነበር።